«ኦሪጅናል ነው» ሲሏችሁ ክዳኑን አስከፍቱ!

ጎንደር ፒያሳ ያገለገለ ሰዓት ልትገዙ ስትጠይቁ ከዋጋው በፊት የሚቀርብላችሁ ቃል ነው። ቃሉን ካላወቃችሁት ደሞዛችሁ ቆርቆሮ ላይ ይቀራል።

«17 ጁዌልስ» ማለት አልማዝ እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ ውስጥ ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ትንንሽ ሰው ሠራሽ ሩቢዎች ናቸው፤ ብረቱ ቶሎ እንዳይበላ ያግዛሉ።

«አውቶማቲክ» የሚባለው፣ ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው ሲኮ 5 ዓይነት፣ በእጃችሁ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል። ሁለት ሦስት ቀን ካላሰራችሁት ይቆማል፤ አትደንግጡ። «ኳርትዝ» በባትሪ ይሠራል፤ ሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ አንዴ ዘለል ይላል። «አውቶማቲክ» ተብሎ እንዲህ ከዘለለ ጠርጥሩ!

ብዙዎችን የምታስለቅሰው ግን «ውሃ አይገባውም» የምትለዋ ናት። 30 ሜትር የሚል ጽሑፍ ለጠብታ እንጂ ለዋና አይሆንም። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ደግሞ ጽሑፉ ከንቱ ነው። አንድ የማውቀው የደባርቅ ልጅ ለአባቱ የገዛው ሰዓት በአንድ የሐምሌ ዝናብ መስታወቱ ጉም ለበሰ። አባትየው ልጄ ይዘንብኛል ብለው የቆመውን ሰዓት አስረው ይዞራሉ አሉ።

«ሰርቪስ ተደርጓል» ከተባላችሁ «መቼ? ማን ሠራው? ምን ተቀየረ?» በሉ። «ኦሪጅናል» ሲባል ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን ስም ብቻ አትመኑ፤ ስም በቀለም ይጻፋል። የምታምኑት ሰዓት ሠሪ ክዳኑን ከፍቶ ማሽኑን ይይላችሁ።

እኔ የምመክራችሁ ይህን ነው፦ ሻጩ ክዳኑን አላስከፍትም ካለ፣ እናንተም ኪሳችሁን አትክፈቱ!