ከጋርዳ ሐይቅ እስከ ማንቶቫ፣ ከልጅ ልጄ ጋር በብስክሌት

ባለፈው ሰኔ ቬሮና የምትኖረውን ልጄን ለመጠየቅ ጣሊያን ሄጄ ነበር። እዚያ በገባሁ በሳምንቱ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ መልሱን የሚሰጠው ግን በጣሊያንኛ ነው። እኔ ደግሞ ጣሊያንኛ አልችልም። እናቱ ከሥራ እስክትመለስ ሁለታችን አንድ ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ ሰው ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናያለን።

ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነበርኩና ዝም ማለት አልሆነልኝም። "ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል? ያኛውስ?" እያልኩ እጠይቀው ያዝኩ። አንድ ማታ ለእናቱ ሲያጉረመርም ሰማሁ። "ምን አለሽ?" ብላት ልትነግረኝ አልፈለገችም። አጥብቄ ስጠይቃት፣ "ከአያቴ ጋር መዋል ፈተና እንደ መቀመጥ ነው አለ" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መላውን ያመጣችው ራሷ ናት። "አባዬ፣ ባሕር ዳር እያለን ብስክሌት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ለምን ቅዳሜ ይዘኸው አትሄድም?" አለች። እሷ የሥራ ተራ ስላለባት እኛ በብስክሌት እንድንሄድ፣ እሷ ደግሞ ማታ በባቡር መጥታ መድረሻችን ላይ እንድታገኘን ተስማማን። እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ ግራ ጉልበቴም ደኅና አይደለም። ሆኖም እሺ አልኩ።

ሐይቁ ወንዝ የሚሆንበት ቦታ

መንገዱ የሚነሣው ከፔስኪዬራ ዴል ጋርዳ ነው። ከቬሮና በባቡር ብዙም አያስኬድም። ፔስኪዬራ ዙሪያዋን ውኃ የከበባት፣ ባለ አምስት ማዕዘን ግንብ ያላት የድሮ ምሽግ ከተማ ናት። ቬኒሶች ያጠናከሩት ይህ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መድረሻው ማንቶቫ ነው። በመካከላቸው 44 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ አብዛኛው የሚንቾን ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል።

ሚንቾ ከጋርዳ ሐይቅ የሚወጣው እዚሁ ፔስኪዬራ ላይ ነው። ድልድዩ ላይ ቆሜ ውኃው ከሐይቁ እየተላቀቀ ወንዝ ሲሆን ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ለልጁ፣ "እኔ ያደግሁበት ከተማም እንዲህ ነው፤ አባይ ከጣና ይወጣል" አልኩት። ጋርዳ በጣሊያን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ጣና ስምንት እጥፉን ያህላል" ስለው አላመነኝም። የእናቱን ስልክ አውጥቶ ፈለገና ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

መንገዱ አስፋልት ነው፤ በአብዛኛው መኪና አይገባበትም። ወደ ማንቶቫ ሲሄዱ ቁልቁለቱ በማይታወቅ ሁኔታ ያግዛል፤ ስለዚህ ለጉልበቴም አልከበደኝም። ሳሊዮንሴ የሚባለው ቦታ ላይ የሐይቁን ውኃ መጠን የሚቆጣጠር ግድብ አለ፤ እኛ አገር ጨረጨራ ላይ እንዳለው ዓይነት ማለት ነው። ትንሽ አለፍ ሲሉ የሞንዛምባኖ ቤተ መንግሥት ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታያል። ወንዙ ላይ ዝዬዎች ይንሳፈፋሉ። ሕፃን ከኋላ ያስቀመጡ አባቶች፣ ጎን ለጎን የሚነዱ ሽማግሌና አሮጊት እያለፉን "ቦንጆርኖ" ይሉናል።

መንገዱን አንድ ሦስተኛ ያህል እንደ ሄድን ቦርጌቶ ደረስን። ወንዙ ላይ የተሠሩ የድሮ የውኃ ወፍጮዎች ያሉባት ትንሽ መንደር ናት። ከበላይዋ የሚላኑ ገዢ ጃን ጋሌያሶ ቪስኮንቲ እ.ኤ.አ. በ1393 ያስጀመረው፣ ከ600 ሜትር በላይ የሚረዝም ምሽግ ያለው ድልድይ አለ። አካባቢው በቶርቴሊኒ የታወቀ ነው፤ ሥጋ በስሱ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው። እሱ ሁለት ሳህን በላ።

ከዚያ በስተ ምዕራብ ብዙም ሳይርቅ ሶልፌሪኖ አለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1859 እዚያ በተደረገው ጦርነት ቁስለኛው ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሰቃይ ያየው የጄኔቫ ሰው ሄንሪ ዱናን፣ በኋላ ቀይ መስቀል እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። የእኛው ቀይ መስቀል ደግሞ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ልትወረን በተሰናዳችበት ጊዜ ነው። ይህን ለልጁ ልተርክለት አፌን ከፍቼ ነበር። "ፈተና" ያለው ትዝ አለኝና ተውኩት። ጊዜው ሲደርስ ይሰማዋል።

ከመነዳሪ

ከቦርጌቶ ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል እንደ ነዳን የእሱ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እሾህ ወግቶት ነው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ልጄ የመጠገኛ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ከታ ነበር። ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ብስክሌት በሰዓት ከሚያከራይ ሰው ዘንድ ክረምት ክረምት እሠራ ስለነበር እጄ ሥራውን አልረሳውም።

"ፍሬኑን ያዝልኝ" አልኩት። ያዘ። "ጎማውን አሁን እናውጣ።" ሳቅ አለ። "ፒንሳ ቢኖር ጥሩ ነበር" ስል ደግሞ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለና በጣቱ እንደ ጉጠት አሳየኝ። ለካ ቃሎቹ የእሱም ናቸው! ፍሬን፣ ጎማ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ማስቲሽ። በጦርነትም በንግድም ከእነሱ መጥተው እኛ ዘንድ የቀሩ ቃላት ናቸው። "ከመነዳሪው ነው የተበሳው" ስለው ግን ሣር ላይ ተንከባለለ። "ካሜራ ዳሪያ!" እያለ አረመኝ። እኔም አልተሸነፍኩም፤ "ከመነዳሪ" አልኩት። የብስክሌቱን ሰንሰለት እያሳየ "ካቴና" ሲለኝ ደግሞ እኔ ሳቅሁ፤ እኛ ዘንድ ካቴና የእስረኛ እጅ የሚታሰርበት ነው አልኩት። እጆቹን አጣምሮ እስረኛ ሆነ።

ከመነዳሪውን ነፍተን ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ነከርነው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቀዳዳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። "እዚህ! እዚህ!" አለ፤ በአማርኛ። አደረቅን፣ ፋቅ ፋቅ አደረግን፣ ማስቲሹን ቀባን፣ እስኪደርቅ ጠብቀን ልጥፉን ተጫንን። አንድ ባልና ሚስት ቆመው አዲስ ከመነዳሪ ሊሰጡን ፈለጉ። ልጁ ደረቱን ነፍቶ መለሰላቸው። ከንግግሩ የለየሁት "ኖኖ" የሚለውን ብቻ ነው፤ አያቴ ማለቱ ነው። እነሱም እኔን እያዩ ፈገግ ብለው ሄዱ።

ማንቶቫ

ማንቶቫ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ሚንቾ እዚህ ይሰፋና ከተማዋን በሦስት ወገን የሚከብቡ ሐይቆች ይሆናል፤ ሐይቆቹ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሰው እጅ የተበጁ ናቸው። ገጣሚው ቨርጂል የተወለደው በዚህ አካባቢ ነው። ጎንዛጋ የተባሉት ገዢዎች እ.ኤ.አ. ከ1328 ጀምሮ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ ገዝተዋታል፤ ቤተ መንግሥታቸው ከ500 በላይ ክፍሎች አሉት። እኛ ግን ደክሞን አደባባዩ ላይ ተቀምጠን በዱባ የተሞላውን የከተማዋን ቶርቴሊ አዘዝን። ጣፋጭ ዱባ ነው፤ በርበሬ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

ልጄ ስትደርስ ልጁ እየሮጠ ሄዶ ሁሉንም ይነግራት ጀመር። ወሬው በጣሊያንኛ ነበር። መሐል ላይ ግን "ከመነዳሪ" ሲል ሰማሁት፤ እኔ እንደምለው አድርጎ።

መሄድ ለምትፈልጉ

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ፔስኪዬራ ላይ የሚከራይ ብስክሌት ይገኛል። በደንብ የሚነዳ ሰው በሦስትና በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እኛ ቀኑን ሙሉ ፈጀን። በጋው ስለሚሞቅ በጠዋት ውጡ፤ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ለልጆች ሄልሜት፣ ትርፍ ከመነዳሪም ያዙ። ከማንቶቫ ወደ ቬሮና የሚመለሰው የክልል ባቡር ብስክሌት ይጭናል፤ ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት ይቆረጣል። በሐምሌ የሄደ ሰው ማንቶቫ ሐይቅ ላይ የሎተስ አበባ ያገኛል።

እኔ ያን ቀን የተማርኩት ግን ሌላ ነው። የልጅ ልጄን ቃል እየጠየቅሁ አማርኛ ላስተምረው ስሞክር ሸሸኝ፤ አብረን እጃችንን ስናቆሽሽ ግን ቃሉ በራሱ መጣ። አሁን እሑድ እሑድ ስንደዋወል "ይሄ ምን ይባላል?" አልለውም። ስለ ብስክሌቱ ነው የምጠይቀው። ባለፈው እሑድ፣ "ፍሬኑ ይጮኻል፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። ስልኩን ጎማው አጠገብ እንዲያስጠጋው ነገርኩትና ድምፁን አብረን አዳመጥን።