የኢትዮጵያ የሕግ ዋቢ መጻሕፍት፦ ከነጋሪት ጋዜጣ እስከ ሰበር ቅጽ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ቢሮ ከፍቶ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ጠበቃም ሆነ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሕግ የሚያጠና ተመራማሪ በየዕለቱ የሚያገላብጣቸው መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም በሥልጣናቸው እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ራሳቸው ሕግ ናቸው፤ ሌሎቹ ሕጉ የሚሰጠውን ትርጉም የሚወስኑና ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ማንንም ባያስገድዱም በምክንያታቸው ጥንካሬ ዳኛንም ተከራካሪንም የሚያሳምኑ የሊቃውንት ሥራዎች ናቸው። የሕግ ባለሙያ ሙያውን ከሚያሳይባቸው ነገሮች ዋነኛው ይህን ልዩነት ጠብቆ መጥቀሱ ነው።

ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የመጨረሻው የሕግ ዋቢ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ከተዘጋጀው ሥራ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ይደነግጋሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን ይመለከቱ የነበሩ የቀድሞ የተጻፉና የልማድ ደንቦችን ስለሻረ፣ ፍትሐ ነገሥት ዛሬ በዓለማዊ ፍርድ ቤት የሚጠቀሰው ለታሪክና ለንጽጽር ነው፤ ይሁንና አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት እትም በ1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (በዛሬው አዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ አማካይነት ከታተመ ወዲህ ግእዝ የማያውቅ የሕግ ታሪክ አጥኚም ሊያነበው ችሏል።

ዛሬ የማንኛውም የሕግ ምርምር መነሻ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ማለትም መንግሥት ያወጣቸውን ሕጎች የሚያሳውቅበት ይፋዊ ጋዜጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1 የተቋቋመው ይህ ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ለፌዴራል ሕጎች የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሚል ስም ይወጣል፤ ጽሑፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትይዩ ዐምዶች የሚታተም ሲሆን፣ ሁለቱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ የበላይነት ያለው አማርኛው መሆኑን ይኸው አዋጅ ደንግጓል። ጋዜጣው ግን ሕጎችን በወጡበት ቅደም ተከተል እንጂ በርእሰ ጉዳይ አያደራጅም፤ የተሻሻለውን አንቀጽ ከነባሩ ጋር አዋሕዶም አያቀርብም። ሕጎችን ሰብስቦ በርእስ የማደራጀቱን ሥራ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ እስከ 1961 ዓ.ም. ማብቂያ ለጸኑት ሕጎች ሠርቶ በሁለት ቅጾች አሳትሞ ነበር። እንዲህ ያለ ጥራዝ በየጊዜው እየታደሰ አለመቀጠሉ የሚያስቆጭ ነው፤ ጠበቃው ዛሬም የትኛው ድንጋጌ እንደጸና፣ የትኛው እንደተሻረ ራሱ እያስተያየ መለየት አለበትና። ለምሳሌ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ ስላልተካ፣ ስለ መድንም ሆነ ስለ ቼክ የሚከራከር ሰው አሮጌውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሊያስወግደው አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ልዩ ትኩረት የሚገባቸው ግን ባለሙያዎች በአጭሩ «የሰበር ቅጽ» የሚሏቸው፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸው ተከታታይ ጥራዞች ናቸው። ሰበር ማለት የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ተብሎ የሚታይበት ሥርዓት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኙ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ስለተደረገ፣ እነዚህ ጥራዞች ከሕጉ መጽሐፍ ተለይተው የማይነበቡ ሆኑ። እያንዳንዱ ውሳኔ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የዳኞቹን ስም፣ አመልካችንና ተጠሪን ካሰፈረ በኋላ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሂደት ይተርካል፤ ከዚያም ጭብጡን ይዞ ወደ ትንታኔው ይገባል።

በጉለሌ ቤት የሚገዛ ሰው የሽያጭ ውሉ ይጸና እንደሆነ ጠበቃ ቢያማክር፣ ጠበቃው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2877 ብቻ ቢያነብ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መደረጉ የሚበቃ ሊመስለው ይችላል። ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ይህ መስፈርት ውሉ እንዲጸና የግድ መሟላት አለበት ወይስ ሦስተኛ ወገኖችን ለመቃወሚያ ብቻ የታሰበ ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤቶችን ሲከፋፍል ከቆየ በኋላ፣ ሰበር ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 መስፈርቱ ለውሉ መጽናት አስፈላጊ ነው ሲል ወሰነ። ነገሩ በዚህም አላበቃም፤ አዋጅ ቁጥር 639/2001 ከባንክና ከአነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ጋር የሚደረጉ የመያዣ ውሎችን ከግዴታው ነጻ ሲያደርግ፣ በኋላ የተሰጡ የሰበር ውሳኔዎች ደግሞ የሽያጩ መኖር ባልተካደበት ጊዜ ደንቡ እንዴት እንደሚሠራ ወሰን አበጁለት። ስለዚህ ለአንድ ቀላል ለሚመስል ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ነጋሪት ጋዜጣውና ከአንድ በላይ የሰበር ቅጽ አብረው ይገለጣሉ። ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን በሰባት ዳኞች ሊለውጥ እንደሚችል አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ስለሚደነግግ፣ የቆየ ቅጽ ይዞ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ኋለኞቹን ሳይመለከት መከራከሩ ደንበኛውን ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው።

የሊቃውንት ሥራዎች ታሪክ ሕግ ፋኩልቲው ከተከፈተበት ከ1956 ዓ.ም. ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት በዚያው ዘመን መታተም ሲጀምር፣ ይፋዊ የፍርድ ጥራዝ ባልነበረበት ጊዜ የተመረጡ ፍርዶችን ጭምር ያወጣ ነበር። ፊሊፕ ግራቨን ስለ ወንጀል ሕግ፣ ሮበርት ሴድለር ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ከዚህ ትውልድ ናቸው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓትና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጎች ብዙ ማሻሻያ ቢደረግባቸውም የችሎት መመሪያ ሆነው ስለቆዩ፣ የፊሸርና የሴድለር መጻሕፍት ዕድሜያቸው ጥቅማቸውን አላስቀረውም። በአማርኛም ጥላሁን ተሾመ ስለ ውል ሕግ፣ መሐሪ ረዳኢ ስለ ቤተሰብ ሕግ የጻፏቸው መጻሕፍት፣ እንዲሁም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐተታ ዘምክንያት፣ ማለትም አርቃቂዎቹ እያንዳንዱን ድንጋጌ ለምን እንዳስገቡ ያብራሩበት ሰነድ፣ በተከራካሪዎች እጅ ይገኛሉ። ዳኛው ፍርዱን በአማርኛ በሚጽፍበት ችሎት፣ ጠበቃው በእንግሊዝኛ ያነበበውን ሐሳብ ራሱ ወደ አማርኛ መልሶ ከመከራከር ይልቅ የተጣራና የተመዘነ የአማርኛ ማብራሪያ በእጁ ቢይዝ ለባለጉዳዩም ለፍትሑም የሚበጅ በመሆኑ፣ እነዚህ ሥራዎች ለሌሎቹም የሕግ ክፍሎች አርአያ ሊሆኑ የሚገባቸው ናቸው።