«የማይነገር» ሲባል

ቃል የማይበቃው ነገር «የማይነገር» ይባላል። እንግሊዝኛው «ኢንኤፈብል» የሚለው ቅጽል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሁለት ፍቺ አለው፦ ከቃል በላይ የሆነ፣ ወይም ከቅድስናው የተነሣ በአፍ ሊጠራ የማይገባ። የአማርኛው ቅጽል ከዚህም ይሰፋል።

ስፋቱ በሐዲስ ኪዳን ጎልቶ ይታያል። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 ስለ እግዚአብሔር ስጦታ፣ በምዕራፍ 12 በገነት ስለተሰማ ቃል፣ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ስለ ምእመናን ደስታ ሲጽፉ አማርኛው በሦስቱም ቦታ «የማይነገር» ይላል። የግሪኩ ቃላት ግን ለየቅል ናቸው፤ አንዱ ተነግሮ የማያልቅ፣ ሌላው ሊነገር የማይቻል ወይም ያልተፈቀደ፣ ሦስተኛው አፍ የሚያስይዝ እንደ ማለት ነው። የዕለት ንግግርም ቢሆን ይለያቸዋል፤ የእናት ውለታ «ተነግሮ አያልቅም»፣ የቤት ገመና ደግሞ «አይወራም»። በየሰርጉ «ቃላት ያጥሩኛል» ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚናገረው ሰው ከየትኛው እንደሚመደብ ግን ያስቸግራል።

የማይነገረውን መናገር እንደ ሙያ የሚለመደው ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ገለል ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ይህ «ቆጠራ» ነው። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ሲያሰማ «ነገራ» ይባላል፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል። ጀማሪ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሰሙ፣ ማለትም የላዩ ትርጉም፣ ገበሬ ዘሩን አፈር ሲያለብስና ቡቃያው ብቅ ሲል ቢያሳይ፣ ወርቁ፣ ማለትም የተሰወረው ትርጉም፣ የክርስቶስ መቀበርና መነሣት ሊሆን ይችላል። ምሥጢሩ በቀጥታ አልተነገረም፤ ሰሚው ግን አገኘው።

በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔን የመሰለ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲሰጥባቸው የኖሩ ደብሮች ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በሦስቱም ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የማይነገርን ነገር ሌላ መልክ ያሳያል። የድኻ ልጅ የሆነው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ሲዋደዱ ቃል አላጠራቸውም፤ ለዚያውም በዛብህ የተማረ ሰው ነው። ፍቅራቸውን የማይነገር ያደረገው የፊታውራሪው ዘር ቆጠራ ነው።