ክረምት ያመጣውን ለበጋ ማቆየት



ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም በየቤቱ የሚሆነውን የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ አይኖርም። ዕለቱ ርኅወተ ሰማይ፣ ማለትም የሰማይ መከፈቻ ተብሎ ይታሰባልና ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይሮጣሉ፤ እናቶችም ሳፋውን፣ ባሊውንና ድስቱን ከጠፈጠፉ ሥር ይደረድራሉ። ከተጠራቀመው ውኃ ገሚሱ ለገላ፣ ገሚሱ ለሊጥ ማቡኪያ ይሆናል፤ ጥቂቱም በጠርሙስ ተከድኖ ለታመመ ሰው ይቀመጣል። በማግሥቱ ግን ሳፋው ወደ ቦታው ይመለሳል። ጳጉሜን 4 ቀን የሚዘንበውን ዝናብ የሚቀበለው የለም፤ ከቆርቆሮው ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ቤተ ሰብ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ የቧንቧ ፈረቃ ሲጠብቅ ይታያል።

ዛሬ ልናወሳ የወደድነው ስለዚህ ሳይቀበሉት ስለሚፈስሰው ውኃ ነው።

ዝናብን አጠራቅሞ መኖር ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊ የመሠረቱትን የደብረ ዳሞን ገዳም ለአብነት እንጥቀስ። ወደ አምባው የሚወጣው በጠፍር ገመድ እየተሳቡ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ መነኮሳቱ በአምባው ላይ ምን እየጠጡ እንደኖሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ከዐለቱ ተፈልፍለው በተሠሩት የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ይገኛል። ክረምት ያወረደውን እነዚህ ጉድጓዶች ይዘው ለበጋ ያቆያሉ። አክሱም ላይም ማይ ሹም የተባለው ጥንታዊ የውኃ ማጠራቀሚያ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ለከተማይቱ ሲያገለግል ኖሯል፤ የጥምቀት በዓልም የሚከበረው በእርሱ ዳርቻ ነው።

በቅዱስ መጽሐፍም ቢሆን ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። ነቢዩ ኤርምያስ የተጣለበት ጉድጓድ እስር ቤት እንዲሆን የተቆፈረ አልነበረም። የኢየሩሳሌም ሰዎች የዝናብ ውኃ እንዲያጠራቅሙበት ከሚያዘጋጁአቸው ጉድጓዶች አንዱ ነበር እንጂ። ነቢዩ የሰጠመው በጭቃ ነው፤ ውኃ አልነበረበትም። በከበባ ላይ ባለች ከተማ ውስጥ የደረቀ ጉድጓድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስተውለዋል። በአሮጌ ጨርቅና በገመድ አውጥቶ ያዳነውም ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ መሆኑ ለእኛ ተጨማሪ ትዝታ ነው።

ወደ ራሳችን ጣሪያ እንመለስ። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይገኛል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠነኛ ቤት፣ የሚተነውንና የሚረጨውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን እንኳ፣ በዓመት 48,000 ሊትር ያህል ያወርዳል ማለት ነው። ይህም ሃያ ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ሲቆጠር 2,400 ጀሪካን ይሆናል። ይህን ያህል ጀሪካን በጀርባዋ የምትሸከም እናት ወይም ትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ በየመንደሩ አለች፤ ውኃው ግን በራሷ ጣሪያ ላይ አልፎ ሄዷል።

ይሁን እንጂ አንባቢን ማታለል አንፈልግም። አስቸጋሪው መሰብሰቡ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤተ ሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢመድብ 100 ሊትር ያስፈልገዋል፤ በመሆኑም 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በ20 ቀን ያልቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ለመሻገር 12,000 ሊትር ማከማቸት ግድ ይሆናል፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ቦታ ያለው ቤት ደግሞ ጥቂት ነው። እኛ የምንመክረው ስለዚህ ሌላ ነው። ትንሹን ሮቶ በክረምቱ ውስጥ ደጋግሞ መሙላትና ባዶ ማድረግ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ልብሱ፣ ወለሉና ሽንት ቤቱ በዝናብ ውኃ ይታጠብ፤ ሮቶው በነሐሴ መጨረሻ እንደ ሞላ ይዘጋ። የዝናብ ውኃ ለስላሳ ስለ ሆነ ሳሙና በጥቂቱ አረፋ እንደሚያወጣ እናቶቻችን ሳይነገራቸው ያውቃሉ።

ለነጋዴውማ ጥቅሙ ይበልጣል። መኪና የሚያጥብ፣ ብሎኬት የሚያመርት ወይም ችግኝ የሚያፈላ ሰው ለሥራው የመጠጥ ውኃ አያስፈልገውም። 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መጋዘን 20 ሚሊ ሜትር በዘነበበት አንድ ቀን 8,000 ሊትር ያገኛል። በሶማሌ ክልል ደረቅ ምድርም ቢርካ በሚባሉ በሲሚንቶ በተለሰኑ ጉድጓዶች ጎርፍ ተይዞ በበጋ ለእረኞች ሲሸጥ ኖሯል። ቢርካው ብዙ መንጋ አድኗል፤ ዋጋው በድርቅ ጊዜ ሲንር ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ያስጨንቃል። በኮንሶ ግን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ምድር ላይ ሐርዳ የሚባሉት ኩሬዎች በኅብረተሰቡ እጅ ተሠርተው በኅብረተሰቡ እጅ ይጠረጋሉ። ሁለቱን ስናነጻጽር ልባችን ወደ ኮንሶው ያደላል።

በችኮላ የተሠራ ሁሉ አይያዝም። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በአማራና በትግራይ ክልሎች በየገበሬው ማሳ ዳር ኩሬ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ከኩሬዎቹ ብዙዎቹ ውኃውን ወደ ምድር አስርገው፣ ወይም በፀሐይ አትነው ደረቁ፤ ክዳንና አጥር ባለመኖሩም አንዳንዶቹ ለሕፃናትና ለከብት አደጋ፣ ለወባ ትንኝም መራቢያ ሆኑ። የተጠቀሙበትም አልጠፉም፤ እነርሱ መሬቱን መርጠው፣ ውስጡን ለስነው፣ ለጓሮ አትክልት ያዋሉት ናቸው።

በዚህ ረገድ የእኛንም ጥፋት መደበቅ አይገባንም። በምናገለግልበት ደብር ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዳራሹ ጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በሲሚንቶ ታንከር ልናጠራቅም ተነሣን። በደረቅ አገር ያደጉ አንዲት እማሆይ በታንከሩ አፍ ላይ ወንፊት እንድናደርግ፣ የመጀመሪያውንም ዝናብ እንድናሳልፍ ሁለት ጊዜ መከሩን። እኛም የአሮጊት ጭንቀት ነው ብለን አለፍነው፤ አፉንም በቁራጭ ቆርቆሮ ሸፍነን ተውነው። ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ውኃ ልንቀዳ ስንከፍተው ሽታው ወደ ኋላ መለሰን፤ ከውስጡም የሞተች ርግብ ወጣች። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምነው ሁሉ ፈሰሰ። ማኅበርተኞቹ ሴቶች ለዝክሩ የሚሆነውን ውኃ በአህያ ጋሪ ገዝተው አስመጡ። አንድም ሰው አልወቀሰን፤ ያም ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ከዚያ ወዲህ የተማርነውን እንናገር። ጣሪያው በበጋ አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ ከደረቅ ወራት በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ውኃ ወደ ታንከሩ መግባት የለበትም። ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ30 እስከ 60 ሊትር ያህል ማሳለፍ ይበቃል። ቁልቁል የሚንጠለጠልና ከታች የሚከፈት ቱቦ ከአሸንዳው ጋር ቢያያዝ ቆሻሻው ውኃ በእርሱ ይቀራል፤ እርሱ ሲሞላ ንጹሑ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ከዝናብ በኋላ ቱቦውን ከፍቶ ማፍሰስ እንዳይረሳ። ብርሃን ከገባ ውኃው ያረነጉዳልና ታንከሩ ጨለማ ይሁን። ቧንቧው ከታንከሩ ወለል ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ይተከል፤ ደለሉ ከታች ይቀራልና። 2,000 ሊትር ውኃ 20 ኩንታል መመዘኑን የዘነጋ ሰው ሮቶውን በቀጭን እንጨት ላይ ሰቅሎ ያዝናል። ከሣር ክዳን የሚወርደው ውኃ ይጠይማል፤ ለመጠጥ አይሆንም። ከቆርቆሮ የወረደውም ቢሆን ሳይፈላ ወይም በክሎሪን ሳይታከም ሊጠጣ አይገባም።

ስለ ትንኝ አንድ ነገር እንጨምር፤ ጉዳዩ አዲስ ነውና። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር መገኘቷ ታውቋል። እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ አትመርጥም፤ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር መያያዙን አጥኚዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ክዳንና ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት የሌለው የውኃ በርሜል በግቢያችን ባይኖር ይሻላል፤ የሚተርፈው ውኃ የሚወጣበት ቱቦ አፍም እንዲሁ ወንፊት ይሻል።

አሁን ክረምቱ እያለፈ ነው፤ ዘንድሮ ዘገየን የሚል ይኖር ይሆናል። አሸንዳ የሚሰቀለው ግን በበጋ ነው፤ መሰላሉ በማይንሸራተትበት፣ ግንበኛውም ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ። ለበልግ ዝናብ የደረሰ ቤት የክረምቱን ያህል ባይሆንም ይጠቀማል።

የእኛ ታንከር ተጠርጎ፣ በኖራ ተቀብቶ፣ በሐምሌ ሞልቶ ፈስሷል። ክዳኑ አሁን ብረት ነው፤ ቁልፍም አለው። ቁልፉ ያለው በእማሆይ እጅ ነው፤ እኛ ዲያቆናት ስንጠይቃቸውም ለምን እንደ ፈለግነው ሳይሰሙ አይሰጡንም።