ሙዙ እዚህ፣ ፓርኩ እዚያ

አዲስ አበባ ላይ ሙዝ ሻጭ «የአርባ ምንጭ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። በላንቴ፣ በጫኖና በሲሌ ማሳዎች ዘለላው ጥሬውን ይቆረጣል፤ ኮባ በተነጠፈበት አይሱዙ ላይ ይደረደራል፤ 500 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ ማብሰያ ቤት ይገባል። መንገድ ላይ የሚቆስለውና የሚበሰብሰው፣ ማሳ ላይም «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚቀረው ፍሬ ቀላል አይደለም። ዱቄት፣ ቺፕስ ወይም ኮምጣጤ መሆን የሚችለው ይህ ፍሬ ነው። መንግሥት እንዲህ ያለውን ምርት ወደ ፋብሪካ ለማስገባት የዘረጋው ተቋም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግብርና ለኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃና ገበያ ይሁን የሚለው መርሕ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአገሪቱ ፖሊሲ ነበር። ኋላ የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂም የግብርና ምርት ማቀነባበርን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች መደበው። ያም ሆኖ ፋብሪካዎቹ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ተከማቹ፤ ምርቱ ደግሞ ገጠር ቀረ። ፓርኩ የታሰበው ፋብሪካውን ምርቱ ወዳለበት ለመውሰድ ነው። ለሙከራ የተመረጡት አራት ሥፍራዎች ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ፣ ቡልቡላ፣ ቡሬና ይርጋለም፣ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል።

ፓርኩ ሲታይ አጥር፣ መንገድና ሼድ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ባለሀብት ብቻውን ሊያሠራቸው የሚከብዱትን ነገሮች በጋራ ማቅረቡ ነው፦ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ንጹሕ ውሃ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ላቦራቶሪ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን፣ በአንድ ቦታ የሚያልቅ የመንግሥት አገልግሎት። በዙሪያው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ደግሞ የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲቋቋሙ ታቅዷል። የገበሬው ምርት በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ማዕከሉ ይደርሳል፤ እዚያ ይመዘናል፣ ይለያል፣ ይታጠባል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወደ ፓርኩ ይሄዳል። ገበሬውም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ከዚያው እንዲያገኝ ታስቧል።

ከፓርኩ ይልቅ ማዕከሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በቲማቲም ድልሁና በማርማላታው የምናውቀው የመርቲ ፋብሪካ የቆመው በላይ አዋሽ ሰፊ እርሻ ላይ ነበር፤ ጥሬ ዕቃው ከራሱ ማሳ ይመጣለት ነበር። ፓርኮቹ ግን የሚጠብቁት መሬቱ ከአንድ ሄክታር የማያልፍን ገበሬ ነው። ፋብሪካ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ጥራትና በርካሽ ካልቀረበለት ማሽኑ ይቆማል። ገበሬው ደግሞ ነጋዴ ማሳው ድረስ መጥቶ ጥሬ ገንዘብ ሲቆጥርለት ዝቅ ላለ የፋብሪካ ዋጋ ሙዙን አይሰጥም፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ለፋብሪካው የሚተርፈው ገበያው ያልፈለገው ፍሬ ነው። ያን ሰብስቦ ሳይበላሽ የሚያቆይ ቦታ ከሌለ ሁለቱም ወገን አይገናኙም። የይርጋለም ፓርክ በአቮካዶ ዘይት ስሙ የተጠራውም ምርቱ ደጁ ላይ ስላለ ነው።

አርባ ምንጭን የያዘው የጋሞ ዞን ከዚህ ሁሉ የት ላይ ነው? ይርጋለም ለያኔው የደቡብ ክልል ታስቦ የተመረጠ ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሲሆን ፓርኩ ወደ ሲዳማ ሄደ። ጋሞ ዞን ደግሞ በ2015 መጨረሻ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። የክልል ወሰኑ ባይኖር እንኳ መሬቱ አያገናኝም፤ በመካከል አባያ ሐይቅና ተራራ አለ። ከአርባ ምንጭ ይርጋለም በአየር ሲለካ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በሶዶና በሐዋሳ የሚዞረው የመኪና መንገድ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ጥሬ ሙዝ ይህን ሁሉ ዞሮ ፋብሪካ ከሚገባ አዲስ አበባ ቢሄድ ይሻለዋል።

የጋሞ ሀብት ሙዝ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ጨንቻ ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚያች ርቀት ግን ከሙዝና ከማንጎ ቆላ ወደ አፕልና እንሰት ደጋ ይወጣል። ታች የጫሞና የአባያ ዓሣ አለ፤ በረዶና ማቀዝቀዣ ካላገኘ ውሎ አያድርም። ሽፈራው አለ፤ ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ደርቆ ሲፈጭ ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። ላይ ደግሞ ቆጮና ቡላ አሉ፤ የመፋቁ ድካም የሴቶች ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ማሽን ሠርተዋል፤ መብላላቱን የሚያፋጥን እርሾም ላይ ደክመዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ግዙፍ ፓርክ የሚሰበሰብ አይደለም፤ በየከፍታው ትንንሽ ማቀነባበሪያ ይፈልጋል።

ለትንንሾቹም ፖሊሲው መሣሪያ አለው። ማሽን ከቀረጥ ነፃ ማስገባት፣ የገቢ ግብር እፎይታ፣ የልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ተጠቃሾች ናቸው፤ በሊዝ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤት የሌለው ወጣትም ሊጀምር ይችላል። ሆኖም የምግብ አምራች የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት፣ ደረጃ ማሟላት፣ ማሸጊያ መግዛት አለበት፤ ይህ የሚቀለው ላቦራቶሪና አማካሪ በአቅራቢያው ሲኖር ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብርም በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አርባ ምንጭ ላይ ነበር። በመርሐ ግብሩ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ማሩና ዓሣው ሲበዛ የማቆያውና የማቀነባበሪያው ጥያቄ አብሮ ይከብዳል።

ስለዚህ የክልሉና የዞኑ ባለሥልጣናት ቀጣዩን በጀት ሲይዙ ሌላ ሰፊ አጥርና ሼድ ከማሰብ በፊት ላንቴ ላይ የመለያና የማቀዝቀዣ ቤት፣ ጫሞ ዳር የበረዶ ማምረቻ፣ ጨንቻ ላይ የእንሰት ማሽን ቢያስቀድሙ ይበጃል። ሦስቱም ግን የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ ይሻሉ፤ መጀመር ያለበትም ከዚያ ነው።