መሪው 80 ላይ ሲንቀጠቀጥ፦ የአሮጌዋ ኮሮላችን ጉዳይ

ካራማራን አልፈን ወደ ፋፈን በኩል ስንወርድ መሪው እጄ ውስጥ መርገብገብ ጀመረ። መጀመሪያ መንገዱ መስሎኝ ነበር። ቆጣሪው 80 ሲነካ ግን መርገብገቡ መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ስልኬ ሳይቀር ተንሸራቶ ወደቀ። ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ «ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። ወደ 70 ሳወርደው ጸጥ። መልሼ ስነካው፣ ያው። ከአወዳይ ጫት ጭነው ወደ ውጫሌ የሚበሩት መኪኖች በጎናችን ሲያልፉን እኔ በ65 እየተጓዝኩ ሐረር ገባሁ።

እናቴ በየወሩ ለሕክምና ክትትል ሐረር ትመላለሳለች። ከጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ደርሶ መልስ 200። ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ መቀመጥ ጉልበቷ አይችልም። ስለዚህ ይህቺ መኪና ለእኛ ቤት ቅንጦት አይደለችም።

«ለምን ሸጣችሁ የተሻለ አትገዙም?» የሚል አይጠፋም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። በቃ፣ የ1998 ሞዴል ኮሮላ ያለው ሰው ጠግኖ ይነዳል እንጂ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናዋን ሳይነዳት «አሞርዛተር ነው» አለኝ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ተቀየሩ። የሁለት ወር የጽሑፍ ክፍያዬ ሄደ። ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ ለስላሳ ሆነች፣ እሱን አልክድም። 80 ላይ ግን ያው ጭፈራ።

ኢኮኖሚክስ ስማር በ1970 በፈረንጆቹ ጆርጅ አከርሎፍ የጻፈውን የ«ሎሚ ገበያ» ጥናት አንብቤ ፈተና ላይ ጥሩ አምጥቼበታለሁ። አሜሪካኖች ችግሯ የማይታይ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። ሰውዬው ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ራሱ ይበላሻል ብሎ በኋላ፣ በ2001፣ ኖቤል ተጋርቷል። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በሽታውን የሚነግርህም መድኃኒቱን የሚሸጥልህም አንድ ሰው ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ከፍዬ የወጣሁት።

ሁለተኛው ሰው ዘንድ የወሰደኝ ጓደኛዬ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዛፍ ሥር የሚሠሩ የጅጅጋ መካኒክ ናቸው። «አዴር፣ መሪዋ ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው። ሻሂያቸውን አስቀመጡና «ዱልገሪር ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ፤ በሶማሊኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ቁልፍ አላነሱም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አዴር፣ በስንት ፍጥነት ላይ ነው? ፍሬን ስትይዝ ነው ሳትይዝ? እጅህ ላይ ነው ወይስ መቀመጫህ ላይ?» (በሶማሌ ወግ ትልቁም ትንሹን መልሶ አዴር ይለዋል፤ እኔ ሁሌም ደስ ይለኛል።)

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግማሹን ሥራ ይጨርሳሉ። ንዝረቱ ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት ብቻ መጥቶ ከዚያ በላይ ወይም በታች ከቀነሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው። መሪው ላይ ከተሰማ የፊት ጎማ፣ መቀመጫው ላይ ከሆነ የኋላ። ፍሬን ስትረግጡ ብቻ ከመጣ የፍሬን ዲስኩን እዩ፤ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ሳይሆን ሲቀር ሸራው በየዙሩ ይገፋዋል፣ ግፊቱም መሪው ላይ ይደርሳል። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ከሆነና እግር ስታነሱ ከጠፋ፣ ፊት ለፊት የምትጎትት መኪና ላይ የውስጠኛውን ሲቪ ጆይንት ጠርጥሩ። ገና በ20 እና በ30 መሪው ግራና ቀኝ ከዋለለ ደግሞ ጎማው ውስጡ ተላቋል ወይም ቸርኬው ተጣሟል።

የእኔ መልስ «80፣ ሳልይዝ፣ እጄ ላይ» ነበር። ትንሽ አሰብ አደረግኩና «በቀስታ ስነዳም ትንሽ ትወላውላለች» ብዬ ጨመርኩ። አዴር ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰሙ ጎማውን ዞር ብለው አዩት።

እስኪ ስለ ባላንስ ትንሽ ልቆይ፣ ቁጥሩ ስለገረመኝ። በኮሮላዬ መጠን ያለ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 90 ላይ በሰከንድ 25 ሜትር ትጓዛላችሁ፤ ስለዚህ ጎማው በሰከንድ ወደ 14 ጊዜ ይዞራል። ከቸርኬው ጠርዝ ላይ 30 ግራም የሆነች የባላንስ እርሳስ ብትወድቅ፣ ያቺ ጉድለት በዚያ ፍጥነት የ4 ኪሎ ያህል ክብደት ሆና በሰከንድ 14 ጊዜ መንኮራኩሩን ትጎትታለች። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉተታው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 1 ኪሎ። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ምንም የማይሰማችሁ። ዳካታ ላይ ያሉት አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጡት ድንጋዮች ስንት ዘመን ሳይወድቁ ቆመዋል፤ የእኛ መኪና 30 ግራም ጎደለኝ ብላ ታብዳለች።

30 ግራም ለመሆን ደግሞ ጭቃም ይበቃል። ዝናብ ሲዘንብ ጥርጊያ መንገድ ገብታችሁ ከሆነ በቸርኬው ውስጠኛ በኩል የደረቀ ጭቃ ይኖራል። አዴር መጀመሪያ ያደረጉት ይኸው ነው፤ ውኃና ብሩሽ። ቀጥለው ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርጽ እያቀያየሩ አጠበቁ። (የኮሮላ ፋብሪካው የሚለው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በቧንቧ ቁልፉን አስረዝሞ ላዩ ላይ መዝለል አያስፈልግም።) ከዚያ የፊቱን ጎማዎች ወደኋላ፣ የኋላውን ወደፊት። እስካሁን ያወጣሁት ገንዘብ ዜሮ ነው።

ነድቼ መጣሁ። መሪው ተሽሎት ነበር፣ ንዝረቱ ግን መቀመጫዬ ሥር ገብቷል። በሽታው ከጎማው ጋር ሄደ ማለት ነው። አሞርዛተር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ያኔ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ እፎይታ አይደለም።

ቀድሞ ቀኝ ፊት የነበረውን ጎማ በክሪክ አንስተን በእጅ እያሽከረከርን ጠመኔ ጠጋ አድርገን ያዝንበት። ቀጥ ያለ ጎማ ጠመኔውን እኩል ይነካል። የእኔው አንድ ቦታ ላይ ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ እብጠት አለው። ስልኬን አውጥቼ በዝግታ ቀረጻ ያዝኩት፣ አሁን ላየው ለማንም አሳያለሁ። በጎኑ የተጻፈውን የመጨረሻ አራት አኃዝ አነበብን፦ 2312። በ2012 በፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። «ጥርሱ አዲስ ነው» ተብዬ የገዛሁት ያገለገለ ጎማ ነው። እናንተም ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት ይህን ቁጥር አንብቡ። የውስጥ ሽቦው የተላቀቀ ጎማ ደግሞ ባላንስ ቢሠራለት አይድንም፤ ይፈነዳል።

እኔ በዚህ ልሄድ ነበር። አዴር ግን «ቆይ» አሉኝ። የፊቱን ክፍል አንስተው ከሥሩ መደገፊያ አስገቡ (በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ሥር አትግቡ፣ እባካችሁ)። ጎማውን በሰዓት አቆጣጠር 12 እና 6 ላይ ይዘው ወዘወዙት፣ ጸጥ። እዚህ ላይ ልቅነት ቢኖር ኩሽኔታ ወይም የታችኛው ቦል ጆይንት ይሆን ነበር፤ ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይረግጣል፣ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው። ከዚያ 3 እና 9 ላይ ያዙት። «ቱክ፣ ቱክ።» ድምፁን እኔም ሰማሁት። እኔ መሪውን ግራ ቀኝ ሳነቃንቅ እሳቸው ከሥር ሆነው ጣታቸውን ቴስቲኒው ላይ አደረጉ። መሪው ይንቀሳቀሳል፣ ጎማው ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ላስቲኩ ተቀዶ አቧራ ገብቶበት ጨርሷል።

ቴስቲኒ ማለት መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ኳስ ነው። ልቅ ሲሆን የጎማውን ትንሽ ንዝረት አጉልቶ እጅ ላይ ያመጣል፤ ለዚህ ነው የእኔው እንደዚያ የከፋው። ከቤቱ ከወጣ ግን ንዝረት አይደለም የምናወራው፤ ያ ጎማ በፈለገበት ይዞራል፣ መሪው ምንም አያደርግም። እናቴን ከኋላ አስቀምጬ በካራማራ ቁልቁለት ስንት ጊዜ እንደወረድኩ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

ሁለቱን ቴስቲኒዎች ቀየርን። አዴር አሮጌውን ሲፈቱ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥረው አዲሱን በዚያው ልክ አሰሩት፤ አለበለዚያ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞረው ጎማ ይበላሉ። ቢሆንም አላይመንት ግድ ነው፣ ዙር መቁጠር አላይመንት ቤት ድረስ ለመድረስ ብቻ ነው። ሁለት አዲስ ጎማ ገዝተን ባላንስ አሠራን። ቸርኬ የቀየራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ፦ የኮሮላ መሃል እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳ ከዚያ ከሰፋና መሙያ ቀለበት ከሌለው ባላንሱ ትክክል ሆኖም ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ሒሳቡን ደምሬዋለሁ፤ ቴስቲኒው፣ አላይመንቱና ባላንሱ በአንድ ላይ ከአሞርዛተሩ ያንሳሉ። ጎማዎቹ ናቸው የጎዱኝ። አዴር ለምርመራው የጠየቁኝ የሻሂ ነው፤ ጨምሬ ስሰጣቸው ትንሽ ተቆጡ፣ ከዚያ ተቀበሉ።

ባለፈው ሳምንት ሐረር ሄድን። ስልኬ ላይ የፍጥነት መለኪያ ከፍቼ ነበር፣ የአሮጌ መኪና ቆጣሪ ብዙም አይታመንም። 80፣ 85፣ 90። መሪውን በሁለት ጣት ይዤ ነበር። ባቢሌ መግቢያ ላይ ፍሬን ስይዝ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ እርግብግቢት እጄ ላይ ተሰማኝ። ዲስኩ ይሆናል። በመስታወቱ ወደኋላ አየሁ፤ እናቴ አንገቷን ወንበሩ ላይ ጥላ ተኝታለች።