የኤሌክትሪክ መኪና በብርድ ወራት ምን ያህል ትሄዳለች?

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ ባሉት መንገዶች የኤሌክትሪክ መኪና እንግድነቷ ቀርቷል። ነገር ግን በአንድ ቻርጅ ምን ያህል ትሄዳለች የሚለው ጥያቄ፣ ጾመ ነቢያት ተይዞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ፣ ይልቁንም ወደ ደብረ ብርሃን ደጋ ለሚወጣ መንገደኛ፣ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነው።

ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ስለሚቀበል የርቀት ሥጋት የለበትም፤ መኪናይቱ ግን ኃይሏን እንደ ስንቅ ይዛ የምትጓዝ በመሆኗ፣ መንገዱ ስንቱን እንደሚፈጅባት አስቀድሞ መተመን ግድ ነው። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚለኩበት ሲኤልቲሲ የተባለው ሥርዐት፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ በሆነ አካሄድና በለዘብተኛ ሙቀት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ከፋብሪካ የሚሰጠው ቁጥር ሐሰት ባይሆንም ለፈጣኑ መንገድና ለዳገቱ በቂ ምስክር አይሆንም።

ብርድ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለት ወገን ነው። አንደኛው በባትሪው ባሕርይ ላይ ነው፤ ኃይል ይዘው የሚመላለሱት የሊቲየም ቅንጣቶች በብርድ እንቅስቃሴያቸው ስለሚዘገይ፣ ባትሪው እስኪሞቅ ድረስ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፣ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰውንም ኃይል በሙላት አይቀበልም። ሁለተኛውና የሚከብደው የተሳፋሪው ማሞቂያ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ከሚያባክነው ሙቀት ተሳፋሪውን በነጻ ሲያሞቅ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሙቀቱን ከባትሪዋ ትከፍላለች። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. አምስት መኪኖችን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ሲፈትን፣ ርቀታቸው ማሞቂያው ተዘግቶ በአማካይ 12 በመቶ፣ ተከፍቶ ግን 41 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የአዲስ አበባ ንጋት በብርድ ወራት ከ10 ዲግሪ በታች ቢወርድም ይህን ያህል ስለማይከፋ፣ የእኛ ኪሳራ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

በእኛ አገር ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ከፍታው ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆናቸው፣ ክብደቷ ሁለት ቶን የሆነ መኪና ይህን የ650 ሜትር ልዩነት ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትፈጃለች፤ ይኸውም በሜዳ ሃያ ኪሎሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል ነው። በቁልቁለቱ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሆኖም ባትሪውን እስከ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ ሰው የሚመለሰውን ማኖሪያ ያጣል። በአንጻሩ የደጋችን አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በፍጥነት ለሚሄድ የነፋሱ ግፊት ይቀልለታል።

እንግዲህ እውነተኛውን ርቀት ለማወቅ የሚሻ፣ ሲነሣ የባትሪውን መቶኛና የኪሎሜትሩን ቁጥር ይመዝግብ። ከ90 ወደ 50 በመቶ እስኪወርድ 120 ኪሎሜትር የሄደች መኪና፣ በዚያ መንገድና በዚያ ብርድ ሙሉ ርቀቷ 300 ኪሎሜትር ነው፤ ከዚህም አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ቢቀመጥ 240 ይቀራል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ግምት ባለፈው አነዳድ የሚሰላ እንጂ የሚመጣውን ዳገት የሚያውቅ አይደለምና፣ የንጋቱን ከቀትሩ፣ የመውጫውን ከመውረጃው ለይቶ መመዝገብ ይበጃል። ማለዳ የሚነሣም መኪናይቱ ከቻርጀር ሳትነቀል ውስጧን ቢያሞቅ፣ ሙቀቱ ከባትሪው ሳይሆን ከመሥመሩ ይሆንለታል።

ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዞ ሌሊት ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ይህን ስሌት ከመነሣቱ በፊት ሊፈጽመው ይገባል፤ መንገደኞቹ በብርድ መካከል እንዳይቀሩ የማድረጉ ኃላፊነት የመሪው ባለቤት ነውና።